ቅርንጫፉን ያሰርኩበት ጠዋት

በወጣቶች አዳራሻችን ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ የአንድ ወፍ ፎቶ ተሰቅሏል። ወደ ሐዋሳ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ያመለካችሁ ሁሉ ሳታዩት አትቀሩም። የወፉ ራስ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያብለጨልጫል፤ ጀርባው እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ጭራው ከሰውነቱ ይረዝማል። በአፉ አንዲት የእሳት እራት ይዟል። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ ያያል። ያዩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ሊያናግረን የፈለገ ይመስላል!»

ልክ ናቸው። የሚናገረው ነገር ነበረው፤ የሚናገረውም ለእኔ ነበር። ያን ጊዜ ግን አልሰማሁትም። የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ዛሬ ያ ፎቶ እንዴት እንደተነሣ ልነግራችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ ካሜራ በኪሳችሁ ይዛችሁ ስለምትዞሩ ታሪኩ እናንተንም ሳይነካችሁ አይቀርም።

ፎቶ ማንሣት የጀመርኩት በወፍ ሳይሆን በሠርግ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ አገልግሎት ውስጥ ስለነበርኩ ሙሽሮችን፣ ተመራቂዎችን፣ የልጆች መዘምራንን አነሣ ነበር። ከዚያ አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ያገለገለ ካሜራና እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌንስ በሦስት ወር ክፍያ ሸጠልኝ። ሌንሱን ልሞክር ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወረድኩ። ለአንድ ሰዓት የወጣሁ ሰው እኩለ ቀን ላይ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቤት የተገኘሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ባለቤቴ «ቁርስህን ወፎቹ ናቸው የሚያበሉህ?» ትለኛለች።

ሐዋሳን የሚያውቅ ሁሉ ሐይቁን ያውቃል። እንግዳ ሲመጣብን አሞራ ገደል ወስደን፣ ዓሣ ሲራገፍ አጠገባችን የሚቆሙትን እንደ ሰው የሚረዝሙ ራሰ በራ አሞራዎች እናሳያለን። ጥቁር ውኃን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከሻሸመኔ ሲመጣ የሚያልፈው የከተማው መግቢያ ሰፈር ስም አድርጎ ነው። ወንዙ ከምሥራቅ በኩል ካለው ረግረግ ተነሥቶ በሸምበቆና በቄጠማ መካከል እያዘገመ ወደ ሐይቁ ይገባል። ክረምት ከበጋ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ድምፅ የለውም፤ አይቸኩልም። ዳሩ ላይ ተቀምጣችሁ አሥር ደቂቃ ዝም ካላችሁ ግን፣ ጸጥታ የመሰላችሁ ቦታ ሁሉ ሰፈር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ይገኛል። አብዛኞቹን ትንንሾች እኛ «ወፍ» ብለን ብቻ እናልፋቸዋለን። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ስቀመጥ ግን አንድ በአንድ መለየት ጀመርኩ። ነጭ ቅንድብና ብርቱካናማ ደረት ያለው አለ፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳ ይዘምራል። ሰማያዊ ሆኖ ወንዱ ብቻ በጉንጩ ላይ ቀይ ክብ ያለው፣ መሬት ላይ የሣር ፍሬ የሚለቅም አለ። ከሸምበቆው ላይ ደግሞ ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች ይንጫጫሉ። ከእነሱ ወገን ወንዱ እርጥብ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆ ይጠልፋል፤ በሩን ከሥር ያደርገዋል፤ ከዚያ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። መጥታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። ጎጆው ፈላጊ ሳያገኝ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ራሱ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። (ወንድሞች፣ ተስፋ አትቁረጡ!)

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መልክ የሌላት ትንሽ ወፍ ናት። ከላይ ወይራማ አረንጓዴ፣ ከሥር ፈዛዛ ቢጫ፣ ክብደቷ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። የምትፈለፈለው በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ደኖች ውስጥ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣ በሌሊት እየበረረች፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ፣ ከመስቀል ወዲህ ከእኛው ግራር ላይ ትል ስትለቅም ትገኛለች። ቪዛ ለማግኘት ለምንጨነቀው ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ይህ ትንሽ ያስቃል፤ ትንሽም ያሳፍራል። በየዓመቱ ከራሳችን በላይ ስታልፍ እኔ 30 ዓመት ሙሉ አላየኋትም።

እንግዲህ ልማር ብዬ ተነሣሁ። ትንሽ ወፍ ማንሣት ሠርግ እንደማንሣት አይደለም። ሙሽራ «ቀና በይ» ስትባል ቀና ትላለች። ወፏ ግን ትኩረት እስክታስተካክሉ ሦስት ቅርንጫፍ ትቀይራለች። ሹተሩን በሰከንድ 1/1000ኛ ወይም ከዚያ በላይ ካላፈጠናችሁት የምታገኙት የክንፍ ጭጋግ ነው። ምርጡ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከላይ ስለምትመታ ቀለሙ ይነጣል፣ ዓይናቸው ይጠቁራል። ከቆማችሁበት ወደ ታች ካነሣችሁ ወፏ ታንሳለች፤ ጭቃው ላይ ተቀምጣችሁ በዓይኗ ልክ ስታዩዋት ግን አንድ ነገር ትሆናለች። ዓይኗ ጥርት ካላለ የቀረው ቢጠራ ዋጋ የለውም። ይህን ሁሉ ተማርኩ። ሱሪዬ ከጭቃ ተላቆ አያውቅም ነበር።

ያልተማርኩት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

ግንቦት ነበር። ከውኃው በላይ በተዘረጋ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ፣ የቡና ሲኒ የምታክል ጎጆ አገኘሁ። በቀጭን ሥርና በሣር የተሠራች፣ ከላይ በሸረሪት ድር የተጠቀለለች፣ ከቅርንጫፉ ጋር የተሰፋች የምትመስል ጎጆ ናት። ባለቤቶቿ ያ ባለ ረጅም ጭራ ወፍና ሚስቱ ነበሩ። ይህ ወፍ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም ሲተረጎም «የገነት ዝንብ ያዥ» ማለት ነው። ስሙ አይበዛበትም። ከእነዚህ ወፎች መካከል ወንዱም እንደ ሴቷ እንቁላል ይታቀፋል፤ ያን ሁሉ ጭራ ከጎጆዋ ውጭ አንጠልጥሎ ተራውን ጠብቆ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከ20 ሜትር ርቀት አየኋቸው። ከዚያ አንድ ቀን ከጎጆዋ ጠርዝ በላይ ሦስት የተከፈቱ አፎች ብቅ አሉ።

ከ20 ሜትር በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚገኘው ፎቶ ትንሽ ነው። ጎጆዋ የጥፍር ያህል ትሆናለች። በዚያ ላይ ቅጠል የበዛበት አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ግማሹን ይሸፍናታል። እኔ ደግሞ በሐምሌ ለሚደረገው የወጣቶች ኮንፈረንስ የፎቶ ዐውደ ርእይ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። አንድ ትልቅ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ፎቶ ፈለግሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይህን ማን አነሣው?» ተብሎ ሲጠየቅ በአእምሮዬ ቀድሜ ሰምቼዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሸምበቆውን እየረገጥኩ ገባሁ። ቅርንጫፉን ይዤ ወደ ጎን ስስብ፣ አጠገቡ ቄጠማ ያጭዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ምንም አይደለም አባባ፤ ፎቶ ላነሣ ነው። ቅጠሉ ጋረደኝ።»

«ቅጠሉ እዚያ ያለው አንተን ሊጋርድህ አይደለም፤ እነሱን ሊጋርድ ነው እንጂ።»

«አልቆርጠውም አባባ። በሲባጎ አስሬ ስጨርስ እለቀዋለሁ።»

ማጭዳቸውን እንደያዙ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ «አንተ ታውቃለህ» ብለው ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። ወዳጆቼ፣ አንድ ሽማግሌ «አንተ ታውቃለህ» ሲላችሁ የምታውቁት ነገር እንደሌለ እየነገራችሁ መሆኑን ልብ በሉ።

ቅርንጫፉን በሲባጎ ከጎረቤቱ ግንድ ጋር አሰርኩት። ከጎጆዋ 5 ሜትር ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። የጠዋቷ ፀሐይ ሳትጋረድ ጎጆዋ ላይ ወደቀች። ብርሃኑ ድንቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወንዱ የእሳት እራት ይዞ መጣ። ወደ ጎጆዋ ግን አልገባም። ከላይ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፤ ወደ ግራ ዘለለ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ በሻካራ ድምፅ ደጋግሞ ጮኸ፤ ቆሞ ወደ እኔ አየ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። «ምን ዓይነት ወፍ ነው! እያቆመልኝ እኮ ነው!» እያልኩ ሹተሩን ተጫንኩ። ወደ 140 የሚጠጉ ፎቶዎች አነሣሁ። በመጨረሻ ብርሃኑ ሲነጣ፣ ነገ በማለዳ እመለሳለሁ ብዬ ሲባጎውን ሳልፈታ ሄድኩ።

በማግሥቱ ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ እስከ ረፋድ አላባራም፤ ከሰዓት ደግሞ የማስተምረው ክፍል ነበረኝ። የተመለስኩት ቅዳሜ ነው። ከሩቅ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር የራሴን መንገድ ነበር፤ ሸምበቆው ተኝቶ እስከ ጎጆዋ ድረስ እንደ አውራ ጎዳና ተከፍቷል። ቅርንጫፉ እንዳሰርኩት ታስሯል። ጎጆዋ በአንድ ወገን ተቀዶ ዘንበል ብላለች። ውስጧ ባዶ ነበር። ጫጩቶቹ ሐሙስ ዕለት ዓይናቸው ገና መገለጡ ነበር፤ ላባቸው እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያለ ብቻ ነበር። በሁለት ቀን አድገው ሊበርሩ አይችሉም። የወሰዳቸውን አላየሁም። ከወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ ጦጣዎች ነበሩ፤ ከሽቦ ላይ ደግሞ ጎጆ የሚዘርፍ ወፍ ተቀምጦ ነበር። የወሰደው ማንም ይሁን፣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ሲባጎውን ፈታሁት። ቅርንጫፉ ተመልሶ ቦታውን ያዘና ባዶዋን ጎጆ ሸፈናት።

ይህን ታሪክ በዚያው ሳምንት ብናገር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። አልተናገርኩም። ከ140ው መካከል አንዱን መረጥኩ፤ በትልቁ አሳተምኩት፤ በኮንፈረንሱ ሰቀልኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። «ይህን ማን አነሣው?» ተባለ። በአእምሮዬ የሰማሁት ሁሉ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከ13 ዓመት የማትበልጥ የክፍሌ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ፎቶውን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የእሳት እራቷን ለማን ነው የያዘው?»

«ለጫጩቶቹ።»

«ጫጩቶቹስ የት ናቸው?»

አጠገቤ ሦስት የሌላ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ቆመው ነበር። «አድገው በረሩ» አልኳት። ፈገግ አለች። ደስ ብሏት ሄደች።

በሕይወቴ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ያቺ ፈገግታ ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። ስለ እውነት የማስተምራት ልጅ ናት። ስለ ሦስት ጫጩቶች ዋሸኋት። «ስለ ወፍ ነው እኮ!» እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። አልሆነም። አንድ ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ 140ውን ፎቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል አየሁ። ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ የተነሣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ወፉ የእሳት እራቷን ይዞ የታየበት የመጀመሪያው ፎቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ የተነሣ ነው። የመጨረሻው 1 ሰዓት ከ51 ላይ። የእራቷ አንድ ክንፍ ጫፉ የተቀደደ ነበር፤ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያ ቅዳጅ አለ፤ በመጨረሻውም ላይ አለ። ያቺው እራት ናት። 39 ደቂቃ ሙሉ ምግቡን በአፉ ይዞ፣ ከሥሩ ሦስት አፎች ተከፍተው፣ እኔ እስክሄድ ድረስ ይጠብቅ ነበር።

«ሊያናግረን የፈለገ ይመስላል» የሚሉት ያ ዓይን ይህ ነው። አላቆመልኝም። «ሂድልኝ» እያለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ወፎች የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ የሚሉትን አገኘሁ፤ ወፍ ምግብ ይዞ ወደ ጎጆው ካልገባ፣ ደጋግሞ ከጮኸ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ከተንቆራጠጠ ከልክ በላይ ቀርባችሁታል ማለት ነው። ላባ ያላወጣ ጫጩት ሙቀቱን መቆጣጠር አይችልም፤ ወላጅ ሲርቅ ይበርደዋል፣ ጥላው ሲነሣ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ጃንጥላም መጋረጃም ነው። የሰው ዱካ ደግሞ ለአዳኝ መንገድ ይጠርጋል። ቄጠማ የሚያጭዱት አባባ አንድም መጽሐፍ ሳያነብቡ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ነበር።

በእጄ የኖረውን መጽሐፍም እንደ ገና ገለጥኩ። በዘዳግም ምዕራፍ 22፣ ስለ ጠፋ በሬና ስለ ቤት ጣሪያ መከታ በሚናገሩ ትእዛዛት መካከል፣ ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ሕግ አለ። ቁጥር 6 እና 7ን አንብቡት። መንገደኛ ጎጆ ቢያገኝ እናትን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ይከለክላል። ከትእዛዙ ጋር የተያያዘው ተስፋ ደግሞ አባትንና እናትን ለሚያከብሩ ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! እኔ እናቲቱን አልወሰድኩም፤ ጫጩቶቹን በእጄ አልነካሁም። ፊደሉን ይዤ ልከራከር እችል ነበር። ሕጉ የሚለው ግን፣ ከሰው የሚታይ ጥቅም የሌላት ትንሽ እናት እንኳ ስትያዝ የሚያይ አለ ነው። ማንም አላየኝም ብዬ የሠራሁት ሥራ ባለቤት ነበረው።

በነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍሌ ፊት ቆምኩ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩትና ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሲባጎውን፣ ሽማግሌውን፣ 39 ደቂቃውን። በመጨረሻ ወደዚያች ልጅ ዞሬ «ለአንቺ የነገርኩሽ ውሸት ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ከኋላ «ወፍ እኮ ነው ጋሼ» አለ፤ ማንም አልሳቀም። እሷ ግን ምንም አላለችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ላጽናናት ፈለግሁ፤ ግን ለማጽናናት መብት እንዳለኝ አልተሰማኝም። ይቅርታም በዚያ ቀን አልሰጠችኝም። ይህን የምጽፍላችሁ ይቅርታ ስትጠይቁ መልሱ በሰዓቱ ባይመጣ እንዳትደነግጡ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶውን ልጥለው እንደሆነ ስነግራቸው እጇን አወጣች።

«አይጣሉት፤ ይስቀሉትና ታሪኩን ከሥሩ ይጻፉበት።»

ጻፍኩበት። ወደ አዳራሻችን የመጣችሁ፣ ከፎቶው በታች ያለችውን ትንሽ ወረቀት ጎንበስ ብላችሁ ያላነበባችሁ ካላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አንብቧት።

አሁንም ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ብቻዬን ሳይሆን ከክፍሌ ልጆች ጋር ነው፤ አብዛኞቹ በስልካቸው ነው የሚያነሡት። ያወጣናቸው ጥቂት ደንቦች አሉ። ጎጆ አናነሣም፤ ያየነውን ጎጆ ቦታም በቴሌግራም አንለጥፍም። ቅጠል አንቆርጥም፣ አናስርም፣ አናጠፍም። ከስልክ የወፍ ድምፅ አጫውተን አንጠራቸውም፤ ወንዱ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ምግቡን ትቶ ሊዋጋ ይወጣልና። ወፉ ምግብ መልቀሙን ወይም መዝፈኑን ካቆመ፣ ያቆመው በእኛ ምክንያት ነው ብለን ወደ ኋላ እንመለሳለን። መቅረብ ስንፈልግ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ የቀረበን ራሱ ከሆነ ፎቶው ስጦታ ነው። ደግሞም አንድ ፎቶ ለሰው ስናሳይ እንዴት እንዳነሣነው ለመናገር የምናፍር ከሆነ አናሳየውም።

ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ከወንዙ ዳር ወጥታ ተከትላኛለች። በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ የታመመ ሰው ስንጠይቅ፣ ለተቸገረ ቤተሰብ ዱቄትና ዘይት ስናደርስ ካሜራ እናወጣለን። ፊት ለፊታችን ያለው ሰው ወደ እኛ ሲያይ «እያቆመልን ነው» እንላለን። ምናልባት እስክንሄድ እየጠበቀ ይሆናል። እባካችሁ፣ ከመጫናችሁ በፊት ዓይኑን እዩት።

ባለፈው ኅዳር ጠዋት ላይ አንድ ግራር ሥር ተቀምጠን ነበር። ያቺ መልክ የሌላት፣ ከሩቅ አገር የምትመጣው ትንሽ ወፍ ከላያችን ቅጠል ትበረብር ጀመር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወረደች፣ ወረደች፣ ከእኛ ሦስት ሜትር ላይ ካለች ቅርንጫፍ አረፈችና አንድ አረንጓዴ ትል ነቅላ ዋጠች። ወደ እኛ አላየችም። ሥራዋን ቀጠለች። ልጅቷ ከአጠገቤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነች። ፎቶው ላይ የሚታየው ብዙ ቅጠል፣ ትንሽ ቢጫ ጎንና ወደ ሌላ አቅጣጫ የዞረ ራስ ነው። አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ አላየችንም» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ፈገግ አለች።

ያን ፎቶም አሳትመነዋል። ከዚያኛው ጎን፣ በትንሽ ክፈፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም።